አይኔን ካሜራ እየተከታተለው ሳነብ ያልተጻፈውን «አዎ» ብዬ መለስኩ፣ ምን ሆኜ ነው?

አንባቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን እስከመጨረሻው ታገሱኝ። የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ለመመረቂያ ጥናቷ አፋቸውን በአማርኛ የፈቱ ሰዎች ትፈልግ ነበርና ልርዳት ብዬ ሄድኩ። አገጬን ማስደገፊያ ላይ አሳርፌ ግንባሬንም አስደግፌ ተቀመጥኩ፣ ፊት ለፊቴ ስክሪን አለ፣ ከስሩ ደግሞ አይን የሚከታተል ካሜራ፣ አይኔ የት እንዳለ በሰከንድ 1000 ጊዜ ይመዘግባል አለችኝ። መጀመሪያ 9 ነጥቦች እየተፈራረቁ ብቅ ይላሉ፣ እነሱን በአይኔ ስከተል ማሽኑ አይኔን ይለምዳል። ከዛ አረፍተ ነገር አንድ ባንድ ይመጣል፣ አንብቤ ስጨርስ ቁልፍ እጫናለሁ፣ አልፎ አልፎ አዎ ወይም አይደለም የሚባል ጥያቄ ይከተላል። ቀላል ነው ብዬ ነው የገባሁት። ማንበብ እኮ ነው፣ እኔ ደግሞ ስራዬ የጽሁፍ እርማት ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም ነው የምውለው።

ሲያልቅ ጓደኛዬ መልሶቼን አሳየችኝ። አንዱ አረፍተ ነገር «ሴትዮዋ ልጁን የመከረውን መምህር አመሰገነች» ይላል። ጥያቄው «ሴትዮዋ ልጁን መከረችው?» ነበር። እኔ «አዎ» ብያለሁ፣ ያውም በፍጥነት። የመከረው መምህሩ እንደሆነ ግልጥልጥ ብሎ ተጽፏል እኮ! ይባስ ብሎ አይኔ የሄደበትን መንገድ ስታሳየኝ «የመከረውን» ላይ ስደርስ ቆሜያለሁ፣ ወደ ሁዋላ ተመልሼ «ሴትዮዋ» ላይ ሄጄ እንደገና መጥቻለሁ። እንደዛ ማድረጌን ጭራሽ አላስታውስም፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብዬ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። እንግዲህ አይኔ ችግሩን አይቶታል፣ ተመልሶም አጣርቷል፣ እኔ ግን የተሳሳተውን መለስኩ። ከዛ ቀን ጀምሮ አርሜ የላክሁትን ሁሉ እየከፈትኩ ደግሜ አነባለሁ፣ እንቅልፍ ነስቶኛል በእውነት። ትኩረት ማጣት ነው ይሄ? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ዘወትር_ንቁ፦
እህቴ በግልጽ ልንገርሽ ትኩረት ማጣት ነው። ስልክ ሁላችንንም አበላሽቶናል። የጎሪላውን ቪዲዮ ብዙ ሰው አላየሁም ይላል፣ እኔ ግን ወዲያው ነው ያየሁት ምክንያቱም ሳይ ከልቤ ነው የማየው። ፎከስ ያለው ሰው እንዲህ አይሳሳትም።

የላብ_ሰው፦
@ዘወትር_ንቁ ወንድሜ እንዲህ አትፍረድባት። እንደዚህ አይነት ላብ ውስጥ ስሰራ ጥቂት አመታት አልፈዋልና የማውቀውን ልበል፣ በጎሪላው ልጀምር። ሳይመንስና ቻብሪስ 1999 ላይ ያወጡት ጥናት ነው። ነጭ የለበሱት ኳሱን ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ ቁጠሩ ይባላል፣ መሀል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰች ሴት ገብታ ትወጣለች፣ ከተመልካቾቹ ወደ ግማሽ የሚሆኑት አላዩዋትም። ያላዩት ዝንጉ ስለሆኑ አይደለም፣ ትኩረታቸው ቆጠራው ላይ ስለነበረ ነው። ጥቁር የለበሱትን ቁጠሩ የተባሉት ሰዎች ደግሞ በርከት ብለው አይተዋታል፣ ለምን ካልክ ጎሪላዋም ጥቁር ናት፣ የሚከታተሉትን ቀለም ትመስላለች። ሰው የሚፈልገውን ቀድሞ አእምሮው ውስጥ ይዞ ነው የሚያየው፣ አንተ ደግሞ ቪዲዮውን ከማየትህ በፊት ስለጎሪላው ሰምተህ ከነበረ ያው የምትፈልገው እሱን ሆነ ማለት ነው።

ይሄ አላዋቂ ላይ ብቻ የሚሰራ የሚመስላችሁ ካላችሁ ድሩ፣ ቮ እና ዎልፍ በ2013 ያወጡትን እዩ። 24 ራዲዮሎጂስቶች የሳንባ ሲቲ ምስል ላይ እጢ እንዲፈልጉ ተደረገ፣ አንዱ ምስል ውስጥ የጎሪላ ስእል ገብቷል፣ ከሚፈልጉት እጢ በአማካይ 48 እጥፍ የሚበልጥ። 20ዎቹ አላዩትም። አይን መከታተያው ላይ ደግሞ ካላዩት አብዛኞቹ አይናቸው ቀጥ ብሎ ጎሪላው ላይ አርፎ ነበር። አይን ማረፉና ሰው ማየቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ አንባቢዋ ላይ የሆነውም የዚህ ዘመድ ነው።

አይንሽ ወደ ሁዋላ ስለመመለሱ ደግሞ አትጨነቂ። አይን ሲያነብ አይንሸራተትም፣ ይዘላል፣ ያርፋል፣ ይዘላል። እንግሊዝኛ አንባቢዎች ላይ በብዛት እንደተለካው እያንዳንዱ እረፍት ወደ 200 እና 250 ሚሊሰከንድ ነው፣ ጎበዝ አንባቢም ቢሆን ከዝላዮቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ወደ ሁዋላ ናቸው። ማንም አያስታውሳቸውም። ዝላዩ ራሱ ሲካሄድም ምንም አናይም ማለት ይቻላል፣ ግን ክፍተቱ አይሰማንም።

ራጅ_ክፍል፦
የሲቲውን ጥናት ስላነሳህ አመሰግናለሁ፣ እኔ ምስል ክፍል ነው የምሰራው። አንድ ጊዜ አደጋ የደረሰበት ሰው ምስል ቀርቦልኝ የጎድን አጥንቱ መሰበሩን አገኘሁ፣ አገኘሁት ብዬ ጻፍኩ፣ ከስር ሁለተኛ ስብራት ነበር። ባልደረባዬ ደግማ ስታየው ነው የተገኘው። እስከዛሬ ያንን ምስል በአይኔ አየዋለሁ። የፈለግከውን ስታገኝ ፍለጋው ሳይታወቅህ ያበቃል፣ በኛ ሙያ ስም ያለው ስህተት ነው፣ ስልጠና ላይም እንማረዋለን፣ ተምረነውም እንሰራዋለን። ከዛ በሁዋላ አንዱን ካገኘሁ ልክ ምንም እንዳላገኘ ሰው ከላይ እጀምራለሁ። አንባቢዋ እህቴ አንቺም ጥፋተኛ ብለሽ ራስሽን አትብይ፣ አሰራርሽን ግን ልትቀይሪ ትችያለሽ።

ዘወትር_ንቁ፦
እሺ ምስሉን ተቀበልኩ። ጽሁፍ ግን ሌላ ነው፣ ጎሪላ ድንገት አይገባበትም፣ ቃሉ እዛው ቁጭ ብሏል። ያነበበ ሰው እንዴት ያልተጻፈ ነገር ይረዳል?

የላብ_ሰው፦
ጥሩ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህና ሳትጎግል ቶሎ መልስልኝ። ሙሴ ወደ መርከቡ ከያንዳንዱ የእንስሳ አይነት ስንት ስንት አስገባ?

ዘወትር_ንቁ፦
ሁለት ሁለት ነዋ፣ ይሄ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው?

ቃል_ተርጓሚ፦
ሙሴ? 

ዘወትር_ንቁ፦
ኖህ ነው። ኖህ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሶስቴ አነበብኩት አሁን፣ «ሙሴ» የሚለው ቃል እዛው አለ፣ መጀመሪያ ላይ። እሺ፣ ለአንባቢዋ ያልኩትን አንስቻለሁ፣ ይቅርታ እህቴ። ግን አስረዳኝ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?

የላብ_ሰው፦
ምንም አይደል፣ እኔም መጀመሪያ ስጠየቅ ሁለት ነው ያልኩት። ኤሪክሰንና ማትሰን 1981 ላይ ያጠኑት ነው፣ መርከቡ የኖህ መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ አብዛኛዎቹ «ሁለት» አሉ። ከነገሩ ጋር ጭራሽ የማይዛመድ ስም ሲገባ ግን ሰው ወዲያው ይይዘዋል። ሙሴ ያመለጠን ለኖህ ስለሚቀርብ ነው፣ ሁለቱም ከብሉይ ኪዳን ናቸው፣ ሁለቱም ከውሃ ጋር ታሪክ አላቸው፣ ስለዚህ ቃሉ ሲገባ አእምሮ ያለውን ትርጉም ከተጠበቀው ትርጉም ጋር በግርድፉ ያመሳክርና ይስማማል ብሎ ያልፋል። ጥያቄው ደግሞ ስለ ቁጥሩ ነው፣ ትኩረትህ «ስንት» ላይ ነው የሄደው፣ እንደ ኳስ ቆጣሪዎቹ።

አሁን ወደ አንባቢዋ አረፍተ ነገር እንመለስ። «ሴትዮዋ ልጁን» ብለሽ ስታነቢ አእምሮሽ ግሱ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፣ ሴትዮዋ ልጁን አንድ ነገር አደረገችው ብሎ ይጀምራል። ከዛ መምከር መጣ፣ የሚጠበቀው ነገር ሞላ ማለት ነው። ግን «የመከረውን» ነው፣ ወንድ ነው፣ «የ» አለበት፣ ስለዚህ የሰራሽው ቤት ፈረሰ፣ አይንሽ ወደ «ሴትዮዋ» የተመለሰው ለዛ ነው። እንግሊዝኛ ላይ እንዲህ አይነት አሳሳች አረፍተ ነገር ታዋቂ ያደረገው ቢቨር ነው በ1970። እና ለብዙ ጊዜ የሚታሰበው አንባቢው ሲሳሳት ያፈርሰዋል፣ በትክክል ይሰራዋል፣ የመጀመሪያው ይጠፋል ተብሎ ነበር። እነ ክርስቲያንሰን ግን በ2001 አንድ የሚገርም ነገር አሳዩ። አና ስትለብስ ህጻኑ አልጋው ላይ አስታወከ የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር አስነበቡ፣ እንግሊዝኛው ላይ «ለበሰች»ና «አለበሰች» አንድ ቃል ሊሆኑ ይችላሉ፣ ህጻኑ ደግሞ ከግሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አንባቢ መጀመሪያ ህጻኑን አለበሰችው ብሎ ይረዳል። መጨረሻ ላይ ህጻኑ አስታወከ ወይ ሲባሉ በትክክል አዎ ይላሉ፣ ማለት አስተካክለው አንብበዋል። አና ህጻኑን አልብሳዋለች ወይ ሲባሉም ብዙዎቹ አዎ ይላሉ! የፈረሰው ቤት ግድግዳው አልወደቀም። አንቺ ላይ የሆነው ቃል በቃል ይሄው ነው፣ መምህሩ መመስገኑን ብትጠየቂ ኖሮ በትክክል ትመልሺ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አንባቢዋ፦
እሱንማ ጠይቃኝ ነበር በሌላ ተመሳሳይ አረፍተ ነገር፣ በትክክል ነው የመለስኩት። ቆይ ስለዚህ ሁለቱንም ነገር አንድ ላይ አምኜ ነበር ማለት ነው? ሴትዮዋም መከረች መምህሩም መከረ?

የላብ_ሰው፦
አዎ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቀርተዋል ማለት ይቻላል። ከዛው ከ2001 ጥናት አድራጊዎች አንዷ ፌሬራ ይሄንን አይነት አረዳድ ለጊዜው ስራ በቂ የሆነ አረዳድ ነው ትለዋለች። እኔ ይሄን አባባሏን እወደዋለሁ ምክንያቱም ስህተትን ከስንፍና ያወጣዋል። ንግግር በደቂቃ ከመቶ ቃል በላይ ይመጣል፣ ሁሉንም እስከ ስሩ ካጣራን ቀጣዩን አንሰማም።

ቃል_ተርጓሚ፦
እኔ የአፍ አስተርጓሚ ነኝ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ተናጋሪው እያወራ እኔም አወራለሁ። ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ ስተረጉም የምፈራው አንድ ነገር ቢኖር ግስ መጨረሻ መምጣቱን ነው። «ኮሚቴው ባለፈው ወር የቀረበለትን የማሻሻያ ሀሳብ…» ይላል ተናጋሪው፣ ጭራው «ተቀበለው» ይሁን «አልተቀበለውም» አላውቅም፣ ዝም ብል ወደ ሁዋላ እቀራለሁ፣ ብናገር ልሳሳት ነው። አንድ ጊዜ ተቀብሎታል ብዬ ጀምሬ «አልተቀበለውም» መጣ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት መልሼ ማረም ነበረብኝ፣ ላብ አጠመቀኝ። ስለዚህ መገመት ግድ ነው ግን በምን ላይ ተነስተን ነው የምንገምተው? እና ሌላው የሚገርመኝ፣ እያወራሁ አጠገቤ ሰው ሲያንሾካሹክ ምን እንዳለ አልሰማም፣ ስሜን ከጠራ ግን አንዳንዴ እሰማለሁ።

የላብ_ሰው፦
ያንተ ስራ እኮ ራሱ ኤክስፐርመንት ነው። ኮሊን ቼሪ 1953 ላይ በአንድ ጆሮ አንድ ንግግር በሌላው ጆሮ ሌላ ንግግር እያሰማ አንዱን ብቻ እየተከተሉ እንዲደግሙ አደረገ። ሰዎቹ በሌላው ጆሮ ስለገባው ምን ያውቃሉ? ድምጹ ከወንድ ወደ ሴት ሲቀየር ያውቃሉ፣ ቋንቋው ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ሲቀየር ግን አላወቁም። ስሙን ደግሞ ሞሬይ 1959 ላይ ሞከረው፣ ባልተከተሉት ጆሮ የራሳቸው ስም ሲጠራ የሰሙት ሲሶ ገደማ ብቻ ናቸው። ስምህን ሁሌ የምትሰማ ይመስልሃል፣ ያልሰማኸውን ግን አትቆጥረውም እኮ። ኮንዌይ፣ ኮዋንና በንቲንግ 2001 ላይ ደግሞ መረጃ በአእምሮ ይዞ የማቆየት አቅማቸው ዝቅተኛ ከሆኑት 65 በመቶ ስማቸውን ሲሰሙ ከፍተኛ ከሆኑት ግን 20 በመቶ ብቻ ነው የሰሙት። ስሙን የሚሰማው የበለጠ ንቁ የሆነው ሰው ይመስላል፣ በተገላቢጦሽ ነው የሆነው፣ የተሰጠውን ስራ አጥብቆ የያዘ ሰው ሌላው አይገባበትም።

ግምቱን በተመለከተ፣ አልትማንና ካሚዴ 1999 ላይ ስእል እያሳዩ «ልጁ ይበላል…» እና «ልጁ ያንቀሳቅሳል…» የሚሉ የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገሮች አሰሙ፣ ስእሉ ላይ ኬክ፣ ኳስ፣ መጫወቻ ባቡር ምናምን አለ። «ይበላል» የሚለውን የሰሙት «ኬክ» የሚለው ቃል ሳይነገር አይናቸው ኬኩ ላይ ሄደ። እዚህ ላይ እንዳንተ የሚጠይቅ ሰው ተነሳ፣ ግስ መጨረሻ በሚመጣበት ቋንቋስ? ካሚዴና ባልደረቦቿ 2003 ላይ በጃፓንኛ ሞከሩት፣ ጃፓንኛም እንደኛ ግሱ መጨረሻ ነው ያለው። አስተናጋጇና ለደንበኛው የሚሉት ስሞች ከነ ምልክታቸው ሲሰሙ ግስ ሳይመጣ አይን ወደሚሰጠው እቃ ሄደ። እኛም «ለ» እና «ን» አሉን፣ «አስተናጋጇ ለደንበኛው…» ብል አንድ ነገር ልትሰጠው ነው ብለህ ቀድመህ ሄደሃል። የማይረዳህ አዎንታና አሉታው ላይ ነው፣ እሱ ግሱ ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው።

ተጠራጣሪ፦
ይቅርታ ማቋረጤ ነው ግን ይሄን ሁሉ እንደ ወንጌል ከመቀበላችን በፊት 2015 ላይ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶች ተደግመው ተሰርተው ነበር፣ መጀመሪያ ሲወጡ 97 በመቶው ውጤት አለን ብለው ነበር፣ ሲደገሙ ግን ውጤት ያገኙት 36 በመቶ ናቸው። እንግዲህ ከነዚህ ከምትቆጥሯቸው ስንቱ ቆሞ ይቀራል? አንድ ላብ ውስጥ ያሉ 20 ወይ 30 ተማሪዎች ላይ ተሰርቶ የሰው ልጅ አእምሮ እንዲህ ነው ይባላል፣ እኔ ይሄ ያናድደኛል።

የላብ_ሰው፦
ልክ ነህ፣ እኔም ያሳስበኛል፣ ከራሴ መስክ አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ዴሎንግ፣ ኡርባክና ኩታስ 2005 ላይ ሰዎች ቀጣዩን ስም ብቻ ሳይሆን ከሱ በፊት ያለችውን ትንሿን የእንግሊዝኛ ቃል ቅርጽ (a ወይስ an የሚለውን) ጭምር ቀድመው ይገምታሉ የሚል የአእምሮ ሲግናል አገኙ፣ መማሪያ መጽሀፍ ውስጥ ሁሉ ገባ። 2018 ላይ እነ ኒውላንድ 9 ላብ ሆነው 334 ሰው ላይ ደገሙት። ስሙ ላይ ያለው ውጤት ቆሞ ተገኘ፣ ትንሿ ቃል ላይ ያለው ግን አልተገኘም። ስለዚህ እንገምታለን የሚለው አልወደቀም፣ እስከምን ድረስ ዝርዝር እንገምታለን የሚለው ነው የተናጋው፣ አሁንም የሚከራከሩበት ነው። የስትሩፕን ግን፣ 1935 ላይ የወጣውን፣ አሁኑኑ በቀይ ቀለም «አረንጓዴ» ብለህ ጽፈህ ሰው ቀለሙን ንገረኝ በለው፣ ሲንተባተብ በጆሮህ ትሰማዋለህ። ሙሴውም እዚሁ ክር ላይ በአይናችን ፊት ሰርቷል።

ተጠራጣሪ፦
ይሄን ተቀበልኩ። ትንሽ ሰው ላይ የተሰራና ብዙ ላብ የደገመው እኩል እንዳይጠቀስ ነው የኔ ጥያቄ።

መምህርት_ነኝ፦
ልጆቼ ሰላም፣ 30 አመት ማንበብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። የናንተን ጨዋታ እያነበብኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ የኛ ፊደል ጥብቀትን አይጽፍም። «አለ» ብዬ ብጽፍ ተናገረ ነው ወይስ መኖሩን ነው? «ዋና» ውሃ ውስጥ ነው ወይስ ቁልፉ ነገር? «ገና»፣ «ይመታል»። ህጻናት ጮክ ብለው ሲያነቡ ቃሉን አላልተው ይጀምሩና ሁለት ቃል አልፈው ሲደርሱ ተመልሰው ያጠብቁታል፣ ማንም ሳያርማቸው። እኔ መመለሱን ድሮ ድክመት ብዬ ቀጥል ቀጥል እል ነበር። በሁዋላ ነው የገባኝ፣ የሚመለሰው ልጅ የገባው ልጅ ነው። ቀጥ ብሎ የሚያነበውን ስጠይቀው ምንም አልያዘም። ይሄንን ዘግይቼ በማወቄ ስንቱን ልጅ አቋርጬዋለሁ እያልኩ አዝናለሁ።

የላብ_ሰው፦
መምህርት ይሄንን ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልን፣ እኔ ከላብ ያላየሁትን ነው እርስዎ ከክፍል ያዩት። የአማርኛ አንባቢ ሁሌም ያልተጻፈ ድምጽ ከአውድ እየሞላ ነው የሚያነበው። ጆሮም ይሄንን ያደርጋል። ዋረን 1970 ላይ ከተቀዳ አረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ድምጽ ቆርጦ አወጣና በቦታው ሳል አስገባበት፣ 20 ሰው ሰማው፣ 19ኙ የጎደለ ድምጽ የለም አሉ፣ የቀረው አንዱም የጎደለውን በስህተት ነው የተናገረው። ሳሉ የት ላይ እንደነበረም በትክክል ማሳየት አልቻሉም።

አንባቢዋ፦
ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ መምህርት እርስዎን ደግሞ በተለየ፣ «የሚመለሰው ልጅ የገባው ልጅ ነው» የሚለውን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። ራጅ ክፍል እንዳልከው አሰራሬን ቀይሬያለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ስህተት ካገኘሁ ያንኑ መስመር ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፣ ስም ብቻ የማይበት አንድ ዙርም ጨምሬያለሁ፣ ሙሴ እንዳያልፈኝ። ዛሬ ጠዋት በዚህ መልክ ሳነብ ትናንት ያለፍኩትን አንድ የተቀያየረ ስም አገኘሁ።

ደግሞ ጓደኛዬ ለሁለተኛ ዙር ጠርታኛለች፣ በዚህኛው ጭንቅላት ላይ ኮፍያ ተደርጎ በኢኢጂ ነው አለች፣ ኤን 400 የሚባል ነገር እንደሚታይ ነገረችኝ። ያማል? ምን ላድርግ?

የላብ_ሰው፦
አያምም፣ ወደ አእምሮሽ ምንም አይገባም፣ ከራስ ቆዳሽ ላይ ትንሿን ኤሌክትሪክ መለካት ብቻ ነው። ኩታስና ሂልያርድ 1980 ላይ ያገኙት ነው፣ «ትኩሱን ዳቦ ካልሲ ቀባው» የሚል አይነት አረፍተ ነገር ሲያስነብቡ የማይገጥመው ቃል በመጣ በ400 ሚሊሰከንድ አካባቢ ወደ ኔጋቲቭ የሚወርድ ሞገድ አዩ፣ ስሙም ከዛ ነው የመጣው። አንቺ ቁልፍ ሳትጫኚ፣ ሳትናገሪ፣ ቃሉ እንዳልገጠመሽ ይታያል።

ጸጉርሽን ጠዋት ታጠቢና ሙሉ በሙሉ ደርቆ ሂጂ፣ ቅባትም ኮንዲሽነርም አታድርጊ፣ ኮፍያው ስር የሚገባው ጄል ቆዳሽን ካልነካ ሲግናሉ ይበላሻል። የተሰራ ጸጉር ከሆነ ቀድመሽ ንገሪያት፣ ኮፍያው ላይቀመጥ ይችላል። አረፍተ ነገሩ እየመጣ እያለ አይንሽን አታርገብግቢ፣ ጥርስሽንም አትንከሺ፣ በመሀል የምታርፊበት ጊዜ ይሰጥሻል። ስትጨርሺ ጄሉ ጸጉርሽ ላይ ስለሚቀር ፎጣ ይዘሽ ሂጂ።